ዓሣዎቹ እያዩት መብላት ያቃተው አባቴ

ያን ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። የምሠራው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ስለሆነ መብራት ከሌለ እኛም የለንም። ቡታጅራ ላይ ደግሞ መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ለማንም አይነግርም... ዘጋሁና በባጃጅ ወደ ቤት ሄድኩ። ለወትሮው ለምሳ ቤት አልገባም።

በሩን ስከፍት አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዓሣዎቼ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ሥር ተቀምጧል። ከድኜለት የሄድኩትን ቆጮ በጎመን ፊቱ አድርጎ «ቢስሚላህ» ይልና አንዴ ለራሱ ይጎርሳል። ከዚያ ከቆጮው ቆንጠር አድርጎ በጣቱ እያሸ ውሃው ላይ ይጥላል። «ብሉ... ብሉ እንጂ» ይላቸዋል፣ እንግዳ እንደሚለምን ሰው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

እማዬ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ አባዬን ከእንሴኖ አምጥቼ እኔ ጋ አስቀመጥኩት። ሽማግሌ ብቻውን አይኖርም ብዬ ነው። ግን እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስለምገባ ያው ብቻውን ነው። ማታ አብረን ስንሆን ይበላል። ምሳውን ግን ሁሌም እንደከደንኩት አገኘዋለሁ። «ለምን አልበላህም?» ስለው «ጠግቤ ነው» ይላል... በምን እንደጠገበ አላህ ይወቅ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን በልቶ አያውቅም። እነሱ ቤት ማዕድ ሲቀርብ በር አይዘጋም፤ መንገደኛ እንኳ «ና ቅመስ» ሳይባል አያልፍም። ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሲሄድ እያየሁ ጭንቅ ያዘኝ።

ዓሣዎቹን የገዛሁት ግን ለእሱ ብዬ አይደለም፣ አልዋሽም። አዲስ አበባ ለዕቃ ስሄድ አንድ ሱቅ ውስጥ አየሁና ልቤ ቀረ። መጀመሪያ የመስታወት ገንዳውን ታቅፌ መጣሁ። ሻጩ ጠጠሩን ያለ ሳሙና እጠቢ፣ የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለው አሳድሪው፣ ምግብ በቀን አንዴ ብቻ፣ እሱንም ቁንጥር፣ እያለ አስጠንቅቆኛል።

ጠጠሩን ሳጥብ አባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ልጄ፣ ድንጋይ የምታጥቢው ለማን ነው?»

«ለዓሣ።»

«የሚበላ?»

«የሚታይ ነው አባዬ። ቁጭ ብለህ ታያቸዋለህ።»

«እነሱስ እኛን አያዩም?» አለኝ። ሳቅኩበት።

በሌላ ጉዞ ዓሣዎቹን በፌስታል አንጠልጥዬ መጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት «እህት፣ ጥብስ ነው ጎላሽ?» እያለ እስክንደርስ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ዓሣዎቹ ገብተው ብዙም ሳይቆይ አባዬ ምሳውን መብላት ጀመረ። ማታ ስገባ ሰሃኑ ባዶ ነው። የቡታጅራ አየር ተስማማው ብዬ እንሴኖ ላለው ዘመድ ሁሉ ደወልኩ።

ውሃው ግን ይደፈርስ ጀመር። ብቀይረው፣ መስታወቱን ባጥበው... ያው ነው፤ ይሸታል። አንዱ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። ሻጩ ጋ ስደውል «ሌላ ሰው ይመግባቸዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማን ይመግባቸዋል!» አልኩት።

እንግዲህ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ማን እንደሚመግባቸው አየሁ።

«አባዬ፣ እየገደልካቸው እኮ ነው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እጁ ውሃው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። «ተሰብስበው ያዩኛል... እያዩኝ እንዴት ብቻዬን ልዋጥ? ነውር ነው።»

«የተረፈው ነው ውሃውን የሚያበላሸው። አንዱ የሞተው በዚህ ነው።»

ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለ ቀስ ብሎ። ተነስቶ እጁን ታጠበና ሰሃኑን ራሱ ከደነው።

ከዚያ በኋላ ምሳው እንደ ድሮው ሳይነካ ይውል ጀመር። እኔም ብልህ ነኝና መላ ዘየድኩ። አንድ ጠዋት መስታወቱን በሻርፕ ሸፍኜ «በቃ አያዩህም፣ ዛሬ በደንብ ብላ» አልኩት። አባዬ ሻርፑንም እኔንም አየ። «ተደብቄ ልብላ?» አለኝ።

ብዙ ሳይቆይ «እንሴኖ ወንድሜ ጋ ሰንበት ብዬ ልምጣ» አለ። እሺ አልኩ። ጠዋት መስገጃውን ጠቅልሎ ሲይዝ ሳይ ግን እንደማይመለስ ገባኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት «ዓሣዎቹን አደራ» አለኝ።

የሚቆጨኝ መቆጣቴ ብቻ አይደለም። ከሥራ ቦታዬ እስከ ቤት በባጃጅ ቅርብ ነው። ለምሳ ልምጣና አብረን እንብላ ማለት አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። እሱን ሳላደርግ መስታወት ሸፈንኩ።

ትናንት ለምሳ ቤት ገባሁ። ውሃው ኩልል ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ የሞተም የለም። ሰሃኔን ይዤ አባዬ ይቀመጥባት የነበረችው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ዓሣዎቹ በሙሉ መጥተው መስታወቱ ላይ ተደረደሩና ያዩኝ ጀመር። ልጎርስ ያነሳሁትን መልሼ ሰሃኑ ላይ አኖርኩና ስልኬን አነሳሁ።

«አባዬ፣ በላህ?»

«እዚህ ብቻዬን ማን ይተወኛል፣ በላሁ አልሐምዱሊላህ። እነሱስ በሉ?»

«በልተዋል።»

«ከማን ጋር?»

ስልኩ ሲዘጋ ምሳዬን መልሼ ከደንኩት።