ደም መመለስ በፒያሳ

በእኛ አገር ደም መመለስ ማለት መግደል ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ወይም ከገዳዩ ወገን አንዱን ሲጥል «ደሙን መለሰ» ይባላል። ይህን በወገራ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የአማርኛ አስተማሪዋ እኔ ግን ረሳሁት።

እናቴ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረደ ጠባሳ ነበራት። አባቴ በእርሻ ድንበር ጠብ የተገደለ ዕለት ፊቷን ነጭታ ነው። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ፊቷን መንጨቷ ወግ ነበር፤ የእሷ ግን አመርቅዞ ኖሮ እንደ ትልም ጎድጉዶ ቀረ። እኔ ገና አፌን መፍታቴ ስለነበር አባቴን አላስታውሰውም። ጎንደር ለትምህርት ስገባ ልጆቹ «እናትሽን ነብር ቧጨራት እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ ግን አስታውሳለሁ። ሁለቱን ደብድቤያለሁ፤ አልጸጸትም። የምረቃዬ ቀን እንኳ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነው ፎቶ የተነሳችው። አንድ ቀን ፊቷን ሳትሸፍን ከጎኔ ቆማ ፎቶ ብትነሳልኝ፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ሥራ ይዤ እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ቤት ተከራየሁና እናቴን አመጣኋት። ያኔ ፒያሳ ለእኛ ዓለም ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ክንዴን ይዛ ቁልቁል ስንወርድ፣ ባጃጁን ሁሉ «ቀስ በል አንተ!» እያለች ትገሥጽ ነበር። አሁን በዚያ መንገድ ብቻዬን ሳልፍ ክንዴ ይቀለኛል። እንዲህ ስንመላለስ ነው አንድ ፎቅ ላይ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚያክም የቆዳ ሐኪም መኖሩን የሰማሁት። ይዣት ወጣሁ።

«እናቴ፣ ከክንድዎ ትንሽ ደም እንቀዳለን» አላት ሐኪሙ፣ ትሑት ወጣት ነው። «ማሽኑ ሲያሽከረክረው ቀዩ ከታች ይቀራል፣ ቢጫው ከላይ ይሆናል። ቢጫውን መልሰን ጠባሳው ላይ እንወጋዋለን። ይለዝባል እንጂ አይጠፋም፤ አልዋሽዎትም።»

«የራሴኑ ደም?»

«የራስዎኑ።»

«እንደ ጠላ ጠልሎ ነዋ!» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ «እስቲ ላስብበት» አለች። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ይህንኑ እንደ እሺታ ቆጥሬ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝሁ።

ሐሙስ ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም ወገራ ማኅበር ሊያበላ ጠርቶን ኖሯል። አያ እያልሁ የምጠራው እሱን ነው። ደወልሁለት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አያ፣ ሐሙስ አንመጣም! እማየ ደሟን ልታስመልስ ነው!» ብዬ ጮህሁ። የሐኪሙን ነገር ልቀጥል ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውልም አልሠራ አለ፤ እኔም ተውሁት።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ፊቷ ላይ ማደንዘዣ ቅባት ተቀብታ ተራ ስንጠብቅ፣ አያ ማኅበሩን ለሚስቱ ጥሎ፣ ጋቢው አቧራ ለብሶ፣ ዱላውን እንደያዘ ከጥበቃው ጋር እየተጓተተ ገባ። አራዳ ቤታችን ደርሶ ሲያጣን ወደዚህ የላኩት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

«እትየ! ምነው?» አለ ትንፋሽ እያጠረው። «ምነው ይህን ያህል ዘመን አድረሽ? የታረቅነው በመስቀል አይደለም ወይ? ዋሱስ እኔ አይደለሁም ወይ? ማንን ነው የላክሽበት?»

«ምን ሆነሃል አንተ? ማንን ልላክ?»

«ልጅሽ ናት! ደሟን ልታስመልስ ነው አለችኝ!»

ጆሮዬ ጋለ። የተቀመጠው ሕመምተኛ ሁሉ እኔን ያያል። እየተንተባተብሁ የመርፌውን ነገር ሳስረዳው እናቴ ቅባቱ አንገቷ ላይ እስኪወርድ ሳቀች። አያ ግን አልሳቀም። ወንበር ላይ ዘፍ አለና ጉንጯን አየ።

«አንቺ ይህን ጠባሳ የለቅሶ ይመስልሻል» አለኝ። «ያን ለት ጠመንጃየን አጉርሼ ስወጣ እናትሽ በር ላይ ቆመች። ፊቷን በፊቴ ነጨችው። ‹ደም ካማረህ ይኸው! ከዚህ ወዲያ በዚህ ቤት ደም አይፈስም!› አለችኝ። ደሙ ደረቷ ላይ ሲወርድ ጠመንጃውን ጣልሁት። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ የደረቀው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ላጠፋው ስመኝ የኖርሁት ነገር አያን በሕይወት ያቆየው ነገር ነው። አፈርሁ፤ እንባዬም መጣ።

«እማየ፣ ተነሺ እንሂድ። ይቅር፤ አይነካ» አልኋት።

«ምነው?» አለች እናቴ። «ያን ለት ለእሱ አፈሰስሁት። እሱም ሰባት ልጅ ወልዶበታል፤ ሸጋ ነው። አሁን ደግሞ ለኔ ይመለስልኝ።» ወደ አያ ዞረች። «አንተም አገርህ ስትገባ ልጇ ደሟን መለሰችላት ብለህ አውራ።»

የዚያን ጊዜ አያ ሳቀ። እሷም ተራዋ ደርሶ ገባችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለሐኪሙ ሰጠች።

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ጠባሳው ሐኪሙ እንዳለው ለዘበ፣ አልጠፋም። የመጨረሻው ቀን ስንወጣ እናቴ ሳልጠይቃት ከታች ካለው ፎቶ ቤት ገባች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከጎኔ ቆመች። ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩ ላይ ፊቷን አጉልቶ፣ «እነዚህን መስመሮች ላጥፋቸው እንዴ?» አለኝ።

«እንዳትነካቸው!» ብዬ ጮህሁበት፣ ልጁ ደንግጦ እጁን አነሳ።