ኮሶ ያጠጣሁት ጓዴ

«ጎህ ሳይቀድ ኮረብታዋን ያዙ» የሚል ትእዛዝ ደረሰን። ከሳንጃ በላይ ያለች ራሰ በራ ኮረብታ ናት። አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ፤ «አያ ሞላ» ይሉኛል። ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ቆጥሬ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር አነብ ስለነበር፣ የጓዶቼ ሐኪም እኔው ነበርኩ። በዚህ አላፍርም። የማፍርበት ሌላ ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩስ ተከፈተ። እስከ ሦስት ሰዓት ተታኮስን። ከዚያ ጸጥ አለ። ተቆጠርን፤ አሥራ አንድ።

የምንጠጣው ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ነበር። በአምስተኛው ቀን ፈንታ የሚባለው ጓዳችን ሆዱን ይዞ መጣ። ምሽጉ ውስጥ በሳቅ የሚያቆየን እሱ ነበር።

«አያ ሞላ፣ ያስምጠኛል እንጂ የረባ ነገር አይወጣኝም። ንፍጥ ብቻ። ደምም ነክቶታል።»

«ባለፈው ጥሬ ሥጋ በልተሃል አይደል?»

«እርስዎስ መቼ ጾመው አደሩ? ጉበቱን ማን ወሰደው?»

«የኮሶ ትል ነው» ብዬ ደመደምኩ።

«ትኩሳትም አለኝ። ወደ ጤና ባለሙያዋ ልውረድ?»

ባለሙያዋ ያለችው ከኮረብታዋ ግርጌ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

«ምነው፣ ለሆድ ቁርጠት ምሽግ ጥለህ?» አልኩት። ጓዶቻችን ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀና ቀረ።

ኮሶ ከቦርሳዬ አይጠፋም። በማግስቱ ማለዳ በባዶ ሆዱ አጠጣሁት። በአገራችን ኮሶ የጠጣ ሰው ተከልሎ ይውላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ደንቡን ጠበቅን። ከምሽጉ ጀርባ ጋቢውን ተከናንቦ ሲተኛ ወደዚያ ዝር ያለ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ይዤ ስሄድ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ብጠራው አይመልስም።

በቃሬዛ አወረድነው። ባለሙያዋ ጉሉኮስ እየሰካች ጠየቀች።

«ኮሶ የሰጠው ማነው?»

«እኔ።»

«አባቴ፣ በቆሰለ አንጀት ላይ ኮሶ? ጥቂት ንፍጥ ብቻ ቢሆን ሆዱ ተቆጥቶ ነው ብለን አንድ ሁለት ቀን እናየው ነበር። ደምና ትኩሳት ሲጨመርበት ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በቆሸሸ ውሃ ባክቴሪያም አሜባም ይገባል። ምነው ቀረ?»

ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መኪና ላይ ጫንነው። መኪናው ጎንደር ሳይደርስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አረፈ።

ዛሬ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። አዋቂነቴ በሰፈሩ ስለተሰማ አሁንም ኮሶ ፍለጋ የሚመጣ አለ። በቀደም ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤቴ መጣች።

«አባባ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰገራዬ ጋር ንፍጥ እያየሁ ነው። ደም የለውም። ኮሶ አያጡም ብዬ ነው።»

«ደም ባይኖረውስ? ይህን ያህል የቆየ ነገር ይመረመራል! አንጀትሽ ተቆጥቶ ይሁን ሌላ በሽታ፣ እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ኧረ እርስዎ የማያውቁት አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ይሄ ሳቅ ነው የሚያቃጥለኝ። ባጃጅ አስቁሜ፣ እያጉረመረመች ወደ ጤና ጣቢያ ሰደድኳት። ስንቱን እንዲህ ስሰድ እኖራለሁ?

ያኔ ሁላችንም ከኮረብታዋ የወረድን ቀን አዛዡ አሰልፎ ቆጠረን። አሥር።

«አንዱ በጥይት ነው?» አለ።

«አይደለም» አልኩ።

ጥይት አንድም ሰው አልነካብንም። የሞተብን ፈንታ ብቻ ነው። እሱም ልውረድ ብሎኝ ነበር።