ከግራ የመጀመሪያው ጂን

ጋሽ ጠብታ በሆቴል ባር ሠላሳ አንድ ዓመት መጠጥ ሲቀዳ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ገሚሶቹ ጠብታ አያፈስም ለማለት ነው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከልኩ በላይ ጠብታ አይጨምርም ብለው ሊነካኩት ነው። እሱ ግን ሁለቱንም በምስጋና ተቀብሎ ይኖራል።

ዛሬ በበዓሉ ቀን ያ ሰው በገዛ ሳሎኑ ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። ምክንያቱ ልጁ ናት። ከምትሠራበት ከተማ ለበዓል መጥታ፣ ስልኳ ላይ ያየችውን ዓይነት የቤት ባር ካልሠራሁ ብላ ከጠዋት ጀምራ ቡፌውን ስታተራምሰው አረፈደች። የእናቷን ሳህኖች ወደ ጓዳ ሰደደች። ከቡፌው ጀርባ መስታወት አቆመች፤ በመስታወቱ ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ጠመጠመች። ይኼስ ምንም አይደል። ጉዱ የመጣው መጠጦቹን ከየጠርሙሳቸው ገልብጣ፣ መልካቸው አንድ በሆነ ስድስት ባለ ክዳን ጌጠኛ ጠርሙስ ስታሰልፋቸው ነው። በየአንገታቸውም ጥፍር የምታክል ወረቀት አንጠለጠለች፤ የመጠጡ ስም በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎባታል።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ያምራል» አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ የጋሽ ጠብታ ዓይን አያይም። የግራው አልቆለታል፣ የቀኙም እየተከተለው ነው፣ መነጽርም አይመልሰውም ብሎ ሐኪሙ ከነገረው ዓመት አልፎታል። ሰውም ዕቃም በጉም ውስጥ ነው የሚታየው፤ መብራት ሲበዛበት ጭራሽ ጉሙ ይነጣበታል። ለሚስቱ አልነገራትም፣ ለልጁም አልነገራትም። ለሆቴሉማ እንዴት ተደርጎ! የማያይ ባርማን ማን ያቆያል? ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። እኔ ብሆን ቢያንስ ለሚስቴ እነግራት ነበር፤ እሱ ግን ደረቅ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? በእጁ ነዋ! በሆቴሉ ባር እያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ቦታ አለው። ከግራ የመጀመሪያው ጂን፣ ቀጥሎ ቮድካ፣ ነጭ ሩም፣ ውስኪ፣ ብራንዲ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ። እጁ ሄዶ ያነሣል፣ ጆሮው የብርጭቆውን ድምፅ እየሰማ ይለካል። በዚህ ሁኔታ ዓመቱን ሙሉ ማንም አልነቃበትም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው።

ልጁ በረዶ ልታመጣ ወደ ጎረቤት ስትወጣ፣ ክዳኖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አሸተተ። ሽታ የሌለው ውሃው ነው፤ ከግራ ሁለተኛው። ጂኑ አራተኛው። በቃሉ ያዘው፤ እንዳይጠፋበት ሦስት ጊዜ ደገመው። ይኼኔ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ሳይመጣ ጀመርከው እንዴ?»

«ክዳኑ መግጠሙን እያየሁ ነው።»

«በአፍንጫህ?»

እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ፤ ሁለቱም ከሆቴሉ ናቸው። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ልጅ እግር፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ። ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ባሩን ከጋሽ ጠብታ ተረክባ ማታ የምትዘጋው፣ በጥርሷ ፍንጭት የሚሏት ባልደረባው ናት። ከበዓሉ በኋላ ሆቴሉ ፎቅ ላይ ሁለተኛ ባር ይከፍታል፤ ኃላፊው ማን ይሁን የሚለው ገና አልለየለትም። ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ ስለ ፍንጭት ሲጠይቀው፣ ጋሽ ጠብታ «ጎበዝ ናት፣ ግን ቀርፋፋ ናት። ለመዝጋት ብቻ አንድ ሰዓት ትፈጃለች» ብሎታል። የሆቴሉ ጥበቃ ያወራለትን ነው የደገመው፤ ክፋት አላሰበም።

«ጋሽ ጠብታ፣ ይኼማ ከእኛ ባር ይበልጣል! በሉ ጂን ይቅዱልኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ገና ሳይቀመጥ።

አራተኛውን አነሣ፣ ድምፁን እየሰማ በልኩ ቀዳ፣ አቀበለ። ሥራ አስኪያጁ ተጎነጨና ዓይኑን አፈጠጠ።

«ይኼ ውሃ ነው እኮ!»

«አባዬ ደግሞ!» አለች ልጁ እየሳቀች። «ቡናማዎቹ ግራና ቀኝ ዳር ቢሆኑ ያምራል ብዬ በረዶውን ይዤ ስመለስ ቀያየርኳቸው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ፣ አታይም?»

«በበዓል ቀን ውሃ ሳይቀድም መጠጥ አይቀዳም» አለ ጋሽ ጠብታ ቶሎ ብሎ፣ «የቤቴ ሕግ ነው።» ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። አሁን ጂኑን መቅዳት አለበት። መብራቱ መስታወቱ ላይ ይብለጨለጫል፣ ጠርሙሶቹ አንድ ነጭ ጭስ ሆነዋል። እንግዳ ፊት ጠርሙስ አያሸት ነገር! ሁለቴ ቢሳሳት ደግሞ ማን ቀልድ ነው ይለዋል?

ፍንጭት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ውይ ሲያምር! እስቲ ልየው» ብላ ጀርባዋን ለሰዎቹ ሰጥታ ቡፌው ፊት ቆመች። ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ ተሰማ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እንደ ሥራ ቦታችን ነው ጋሼ» አለችው።

እጁን ወደ ግራ ሰደደ። የመጀመሪያውን ከፈተ። ጂን ነው።

ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ። ማታ ስንት እጅ የሚያምሰው የሆቴሉ ባር ለምን ሁልጊዜ ጠዋት እሱ እንደተወው ሆኖ እንደሚጠብቀው አሁን ገባው። ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ያስያዝኩት ሥርዓት ነው እያለ ይኮራ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይቅዱ እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጂኑን ተቀብሎ አጣጣመና ወደ ፍንጭት ዞረ። «እጅሽ ለጌጥ ሲሆን እንዴት ይፈጥናል! ባር ስትዘጊ ግን አንድ ሰዓት። ጋሽ ጠብታ ናቸው የነገሩኝ። የፎቁን ባር ለአንቺ አስቤ ነበር፣ ግን እዚያ ቀርፋፋ ሰው አይሆነኝም።»

ሰው ቤት ተጋብዞ እንዲህ አይባልም፤ አለቃ ሲሆኑ ግን አፍ ይለቃል። ፍንጭት ፈገግ ስትል ሁልጊዜ እንደምታደርገው አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እውነታቸውን ነው» አለች።

ይኼኔ ጋሽ ጠብታ ፈራ፤ ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ከፈራው በላይ ፈራ። ዝም ቢል ሁለቱን ዓመት ይጨርሳል። ዝም ማለት ደግሞ ለምዶታል። ጠርሙሱን አስቀመጠ።

«ቀርፋፋስ አይደለችም» አለ። «ያን አንድ ሰዓት የምትፈጀው ለእኔ ነው። ጠርሙሱን ሁሉ እጄ ወደሚያውቀው ቦታ እየመለሰችልኝ ነው። እኔ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ዓይኔ አያይም፣ ዓመት አለፈው። እርስዎንም አሁን የለየሁዎት በድምፅዎ ነው። ባሩን ለእሷ ይስጧት።»

ሚስቱ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቀረች። «ምን አልክ?» አለች። ፍንጭት «ምነው ጋሼ» ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰኞ ሁለታችሁም ቢሮ ኑ» አለ። ከድምፁ ደጉንም ክፉውንም መለየት አልተቻለም።

ልጁ ሄዳ መብራቱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«አሁንስ አባዬ?»

«አሁን ይሻላል።»

ለፍንጭት ሊቀዳላት እጁን ሰደደ። እጁ ግን አልታዘዘውም፤ ጂኑ ቡፌው ላይ ፈሰሰ፣ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ወለሉ ወረደ። ሚስቱ ትሪውን አስቀምጣ መጣችና አጠገቡ በርከክ ብላ ጠረገችለት።