ሰሎሞን ሊያየው የነበረ አገር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ካሮልተን ከተማ ባለው አፓርታማችን፣ ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን ወፍራም ካፖርት ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል። ውጭው ሙቀት ነው። እያላበው ይስቃል።

«ሰሌ፣ አውልቀው፤ ትቀልጣለህ» አልኩት።

«ዝም በል! አይስላንድ ስንደርስ ግማሹን ስጠኝ ብለህ እንዳታለቅስ።»

ሰሎሞን ከግሬፕቫይን ሆቴል ወደ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። አንድ ተሳፋሪ በበረዶ ውስጥ የፈላ ውሃ ከመሬት ስለሚወጣበት አገር አጫወተው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ለሁለታችን ትኬት ቆረጠ፤ አዲስ አበባ ላለችው እናታችንም ነገራት።

እሁድ ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና ገጨው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

በቀብሩ ላይ የመቃብሩ ሠራተኞች «አፈሩን እኛ እንመልሳለን፣ እናንተ ሂዱ» አሉን። ሄድን።

አክስቴ አልማዝ «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው እስኪሄድ እንታገሥ» አለች። እማዬ ደውላ ሰሎሞንን ስትጠይቅ ግን አክስቴ «ያን ብርዳም አገር ሊያይ ሄዷል» አለቻት። እማዬ እኔን አስጠራችኝ።

«ሚኪዬ፣ አንተም ትከተለዋለህ አይደል?»

«እከተለዋለሁ።»

«በል አይተህ ንገረኝ። ውሃው እንደኛ ፍል ውሃ ነው? በግ አላቸው? ፀሐይስ ትወጣለች?»

ካፖርቱን ለብሼ ሄድኩ።

ጥቁሩ ሜዳ

በኒውዮርክ በኩል አድርጌ አይስላንድ ስደርስ ጠዋት ነው፤ ግን ጨለማ ነው። ፀሐይ የወጣችው ለምሳ ጥቂት ሲቀር ነበር፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ገባች። ሆቴሉ ውስጥ ሙቁ ውሃ የእንቁላል ሽታ አለው። ለአንድ ሾርባ የከፈልኩት እኛ ሰፈር ሁለት ሰው እራት ያበላል።

አስጎብኚያችን ሄልጋ የምትባል ሴት ናት። ትንሿን አውቶቡስ የምትነዳውም እሷው ናት።

«ሁለት ሰው ነው የተመዘገበው» አለችኝ።

«አንዱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከፊት ተቀመጥ» አለች።

ሜዳው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ሲፈስ ቆይቶ ባለበት የደረቀ ይመስላል። በየጉድጓዱ በረዶ ተኝቷል።

«እዚህ በግ አለ?» አልኳት።

«በቁጥር ከሰው ይበልጣሉ። አሁን በብርዱ ቤታቸው ናቸው። ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።»

አንድ መንደር ውስጥ ሜዳ ላይ ያለ ሙቅ መዋኛ አሳየችን። ሽማግሌዎች እስከ አንገታቸው ገብተው፣ በረዶ በራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ይከራከራሉ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ስለ መንገዱ ጥገና። በየቀኑ ነው።»

እማዬ ይህን ብታይ ትስቅ ነበር። እውነትም እንደኛ ፍል ውሃ ነው።

ዳቦው

አንድ ሐይቅ ዳር ደረስን፤ መሬቱ ይጨሳል። ሄልጋ በአካፋ ቆፍራ ድስት አወጣች። ውስጡ ጥቁር፣ ጣፋጭ ዳቦ ነበር፤ የመሬቱ ሙቀት ያበሰለው። በቅቤ በላነው። ቀጥላ ሊጥ ያለበት ሌላ ድስት ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠች።

«ይሄ ለነገ እንግዶች ነው። የዛሬውን ትናንት የመጡት ናቸው የቀበሩልን።» አፈሩን እንድመልስ አካፋውን ሰጠችኝ።

አካፋውን አፈሩ ላይ ተክዬ ቆምኩ።

«ከበደህ?»

«አይ... ወንድሜ ሲቀበር አፈሩን አልመለስኩም። አላስመለሱኝም።»

ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ሄልጋ ሌሎቹን ጎብኚዎች «አውቶቡስ ውስጥ ጠብቁን» ብላ ሸኘቻቸውና ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ቀስ እያልኩ ጉድጓዱን ሞላሁት። ቦታው እንዳይጠፋ አንድ ድንጋይ ላዩ ላይ አደረገች። ከዳቦው የተረፈውን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቤት

ዲኤፍደብሊው አክስቴ ተቀበለችኝ። ማታ እማዬ ደወለች። ስለ ውሃው፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ፣

«እሱስ? አልበረደውም?» አለችኝ።

«ካፖርቱ ወፍራም ነው» አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ገባኝ። አገሩን ሁሉ ልነግራት እችላለሁ። ሰሎሞን እዚያ አለ ማለት ግን ከእንግዲህ አልችልም፤ አገሩን አይቼዋለሁ፣ እሱ የለበትም።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴን «አዲስ አበባ እኔ እሄዳለሁ» አልኳት።

«አንተ ልጅ ነህ፤ መርዶ የሽማግሌ ነው።»

«እነሱ ይንገሯት። እኔ ከኋላቸው እቆማለሁ።»

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ጋ ደውዬ፣ በምደርስበት ቀን በማለዳ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ እማዬ በር ላይ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። ከዚያ ሻንጣዬን ከፈትኩ። የሰሎሞንን ካፖርት አጥፌ ከታች፣ ዳቦውን ከላይ አደረግሁ።