አልለውጥም ያለችው ሸሪፋ

ሸሪፋ አብዱልወሀብ መኪና መንዳት የጀመረችው ወንድሟ ስለፈራ ነው። አባቷ ሀጅ አብዱልወሀብ በደሴ ሰኞ ገበያ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው ወሎ የቀሩ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነውን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ቀይ አልፋ ሮሜዎ ለእሳቸው ሸጠላቸው። እሳቸውም ለወንድ ልጃቸው ለአብዱልሰላም ብለው ገዟት። አብዱልሰላም አንድ ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ነድቷት ኮምቦልቻ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ዳግመኛም አልነካውም።

ያን ቁልፍ ያወረደችው ሸሪፋ ናት። ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ከጣሊያናዊው ጋራዥ የቀረ አንድ መካኒክ እያሳያት፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን በአንድ በጋ ለመደችው። ወሬው ሲሰማ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጡ። የሀጅ አብዱልወሀብ ልጅ ጣሪያ በሌለው መኪና ተቀምጣ በገበያ መሐል ማለፏ ነውር ነው አሉ። ሸሪፋ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና ወጥታ ሰላም አለቻቸው፤ ከዚያም እናቶቻቸው ሰርግና ለቅሶ የሚሄዱባት በቅሎ ጣሪያ ነበራት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሀጅ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ ቅር እንዳላቸው ሄዱ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በኋላ አገባች። ባሏ በመጀመሪያው ዓመት ዝም አለ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ወይ እኔን ወይ መኪናዋን ምረጪ አላት። ሸሪፋ አልተጣላችውም። ልብሱን አጥፋ፣ ሻንጣውን ኋላ ጭና፣ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ በአልፋዋ ሸኘችው። ደሴ ይህን ታሪክ እየጨማመረ ለዓመታት አወራው።

አብዮቱ ሲመጣ ሀጅ አብዱልወሀብ ሞተው ነበር። የኪራይ ቤቶቻቸው ትርፍ ተብለው ተወረሱ። ለሸሪፋ የቀሯት የምትኖርበት ቤት፣ ሰኞ ገበያ ያለችው ጠባብ የጨርቅ ሱቅና አልፋዋ ናቸው። አልፋዋም አርጅታለች። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣል፤ ሸሪፋ በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው የማርሹን ዘንግ ጨቁና ይዛ ነው ሐረጎን የምትወጣው። ራዲያተሩ ያንጠባጥባል። ድሮ መለዋወጫ የሚመጣው ከአስመራ ነበር፤ ያም መንገድ በጦርነት ተዘግቷል። መካኒኩ ይቺ መኪና ከዚህ በኋላ ብትቆይ አንድ ዓመት ነው ብሎ ነግሯታል።

ጓድ ስማቸው ወደ ሱቋ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው፤ 1971 ዓ.ም. ነበር። ስማቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነ ካድሬ ነው። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ንግግሩ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ ነበር፤ ሰው ይበልጥ የሚፈራውም በዚህ ነው። ወንበር ስባ ሰጠችው። ትንሽ ስለ ኑሮ ጠያይቋት ወደ ጉዳዩ ገባ። ነጭ መርቸዲስ አለኝ አላት፤ እንደ አልፋዋ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ወንበሩ ቀይ ቆዳ የሆነ። መኪና በመኪና እንለዋወጥ፣ ጭማሪ አልጠይቅሽም አላት።

ሸሪፋ መኪናውን ታውቀዋለች። ደሴ ውስጥ የማያውቀው የለም። የፊታውራሪ እንየው ነበር። ፊታውራሪ በገራዶ አካባቢ ሰፊ መሬት የነበራቸው ባላባት ናቸው፤ መሬታቸው ሲወረስ እሳቸው ታሰሩ፣ መርቸዲሱም ኮምቦልቻ ተወሰደ። ወጣት ሳለች ያ መኪና በአጠገቧ ሲያልፍ ቆማ ታየው ነበር። ለማንም ባትናገረውም፣ በዓለም ላይ ከአልፋዋ ሌላ የተመኘችው መኪና እሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና ለምን በአሮጌ አልፋ ይለውጡታል ብላ ጠየቀችው። ስማቸው ወደ በሩ ተመለከተና እንደ ማፈር እያለ እውነቱን ነገራት። በሄደበት ሁሉ ሰው ለመኪናው እጅ ይነሳል። ገራዶ ላይ ለስብሰባ ሲደርስ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሥተው ጋቢያቸውን አውርደው ቆሙ፤ አንዱ ቀረብ ብሎ፣ ጌታዬ ተፈቱ እንዴ ብሎ ጠየቀው። እሱ የፊውዳል ሥርዓት መገርሰሱን ሊያስተምር ነበር የሄደው። ነገሩ የበላይ ሰዎችም ጆሮ ደርሷል። ማንም እጅ የማይነሳላት መኪና ይፈልጋል።

ሸሪፋ እስቲ ልንዳው አለችው።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደች። እሷ መሪውን ያዘች፤ ስማቸው በጎኗ ተቀመጠ። የሐረጎን ዳገት ሲጀምሩ እጇ በልማድ ወደ ማርሹ ሄደ፣ ይዘላል ብላ። አልዘለለም። ሞተሩ ድምፁን ሳይለውጥ እያንዳንዱን ጥምዝ እየዋጠ ወጣ። ከታች የቦርከና ሸለቆ እያነሰ ሲሄድ፣ ከፊት ብርድ ብርድ የሚለው የደሴ አየር ፊቷን ሲመታው፣ ነዳጁን ረገጥ አደረገችው። ይህን መኪና ፈለገችው። ያን ቀን ራሷን አልዋሸችም፤ ኋላም ለማንም አልካደችም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አህያ የሚነዳ አንድ አዛውንት ነጩን መኪና አየ። ቆመ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ከመሪው ኋላ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ በጎኗም ካኪ የለበሰ ካድሬ አየ። ስማቸው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ሸሪፋ ግን አዛውንቱን በመስታወቱ ውስጥ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ቆቡን እንደያዘ መንገዱ ዳር ቀርቷል።

አብዱልሰላም ጉዳዩን ሲሰማ ሳትውዪ ሳታድሪ ተለዋወጪ አላት። ሰውየው መለመኑ ራሱ ተአምር ነው፣ ሲፈልግ መቀማት ይችላል፣ እኛ ደግሞ የነጋዴ ልጆች ነን፣ ስማችን ከመጀመሪያውም አልጠራም አላት። ልክ ነበር። ሸሪፋም ልክ መሆኑን አልተከራከረችም።

ግን መጀመሪያ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው የደሴ ሰፈር ሄደች። የፊታውራሪ ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ ትልቁ ቤታቸው ተወስዶባቸው እዚያ ሰፈር በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። በየቀኑ ለባላቸው ስንቅ ያመላልሳሉ። ሸሪፋ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መንዳቷንም፣ መውደዷንም።

ወይዘሮ አትጠገብ ብዙ አላሰቡም። «ውሰጂው ልጄ» አሉ። «እነሱ እጅ ሆኖ ከሚበላሽ አንቺ ዘንድ ይሁን። አንቺ መኪና ታውቂያለሽ።»

«እትዬ አትጠገብ፣ እርስዎ ፈቀዱልኝ። ፊታውራሪስ?»

«እሳቸው የሚያስቡት ስለ ነገ ጠዋት ነው፤ ስለ መኪና አይደለም።»

ሸሪፋ ፈቃድ ይዛ ከዚያ ቤት ወጣች፤ ልቧ ግን አልተከተላትም። በእግሯ ወደ ሱቋ ስትመለስ ነገሩ ተብላላባት። ከወይዘሮ አትጠገብ እጅ ብትቀበለው ሌላ ነገር ነው። የምትቀበለው ግን ከስማቸው እጅ ነው። የእኔን እንካ፣ ያንተን አምጣ ስትል፣ መኪናው ያንተ ነው ብላ መመስከሯ ነው። የአባቷን ቤቶች ሲወርሱባት ማንም እሺ በይ አላላትም፤ ወስደው ሄዱ። ይህኛው ግን እሺታዋን ይፈልጋል። የሐሰት ምስክርነት ደግሞ ሐራም ነው። ሊወስድ የመጣ ይውሰድ፤ እሷ ግን ባለቤት አታደርገውም።

አልፋዋን አስነሥታ ኮምቦልቻ ወረደች። ስማቸው ከቢሮው ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀበላት፤ መርቸዲሱ ታጥቦ ቆሟል። ቁልፉን በእጁ ይዞ ነበር። ሁለት ሦስት ሠራተኞች ከመስኮት ይመለከታሉ።

አልለውጥም አለችው።

ስማቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና እንድታስብ መከራት። የቤንዚን ኩፖን የሚታደለው በእነሱ በኩል እንደሆነ አስታወሳት። ለአንድ ፊውዳል ንብረት መቆርቆር ምን እንደሚያሰኝ ታውቂያለሽ አላት። ሸሪፋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ጓድ ስማቸው፣ መውረስ ከፈለጉ አልፋዬ ይቻት፤ ቁልፏም እላይዋ ላይ ነው። ልውውጥ ግን የሁለት ባለቤቶች ነገር ነው። እኔ እዚህ የማየው አንድ ባለቤት ብቻ ነው።»

ከመስኮቱ አንድ ሰው ሳል እንደ ያዘው አድርጎ ሳቁን ዋጠ። ስማቸው ቀላ። አልፋዋን በሰው ፊት ቢቀማ እሷ ያለችውን ማረጋገጥ ይሆንበታል። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሸሪፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ሐረጎ ላይ ማርሹ እንደ ልማዱ ሲዘልባት፣ ወላሂ፣ ሳቋ መጣ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ ተባለች። ከፊውዳሉ ጋር ያላትን ግንኙነት እንድታስረዳ ጠየቋት፤ ፊታውራሪን የማውቃቸው ካኪ ሲገዙኝ ነው አለች። ደጋግመው ጠየቋት፤ መልሷ ያው ካኪ ሆነ። ብዙ ሴቶች በታጎሩበት ክፍል ውስጥ ሳምንታት አሳለፈች። አብዱልሰላም ስንቅ ያመጣላት ነበር፤ ከበሩ ላይ ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር በአንድ ሰልፍ ይቆማል። ስትፈታ ከስታ፣ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቶ ነበር። የሱቋ በር ታሽጓል። የቤንዚን ኩፖኗም ተሰርዟል።

አብዱልሰላም አሁንስ በቃሽ ወይ አላት። እሷ ግን የመጀመሪያውን ሰኞ ጠበቀች። የገበያው ቀን ሲደርስ ማለዳ አልፋዋን አጠበች፤ ቤንዚን ስለሌላት ፍሬኗን ለቀቀችና ከቤቷ ደጃፍ ቁልቁል እያንከባለለች ገበያው መሐል አቆመቻት። ጣሪያዋን አጠፈች። ቤት የቀራትን ጨርቅ አወጣች፤ ሽርጡን ኮፈኑ ላይ ዘረጋች፣ ሻሹን በመስታወቱ ላይ ደረደረች፣ አቡጀዲውን ወንበሩ ላይ ቆለለች። እሷ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሰው ከሩቅ አየ። ከዚያ ከገራዶ የመጡ ሴቶች ቀረብ ብለው ሽርጥ ለካክተው ገዙ። እኩለ ቀን ሲሆን አልፋዋ በሰው ተከባለች። የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ይህ ምንድን ነው ቢላት፣ የታሸገው ሱቄ ነው፣ ይህ መኪናዬ ነው አለችው፤ መኪና ላይ ጨርቅ ማስቀመጥ የሚከለክል አዋጅ ካለ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አንብቦ አያውቅምና ላጣራ ብሎ ሄደ። ማታ ዳገቱን የሚመልሳት ሞተር አልነበራትም። ሳትጠራቸው የሰፈሩ ሰዎች መጡና እየገፉ እቤቷ አደረሷት።

ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ስማቸው አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሲያልፍ አያት። ሾፌሩ በሰዉ ብዛት ምክንያት መቆም ግድ ሆነበት። ሸሪፋ ከመሪው ኋላ ሆና ሰላም አለችው፤ በአክብሮት፣ እንደማንኛውም መንገደኛ። እሱም አንገቱን ዝቅ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። መርቸዲሱን አልወሰደውም፤ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቀረ፣ ጎማው ተነፈሰ፣ ዶሮ ያድርበት ጀመር። ሱቋ ከዓመት በኋላ ተከፈተ። ሸሪፋ ግን ሰኞ ሰኞ በመኪናዋ መሸጧን አልተወችም፤ ለምደውኛል ትል ነበር።

ፊታውራሪ እንየው በ1975 ተፈቱ። አንድ ሰኞ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወይዘሮ አትጠገብን አስከትለው ገበያ መጡ። ያ ግዙፍ ሰውነት ኮት ውስጥ ጠፍቷል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አልፋዋ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ኮፈኑ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አዩ፣ ሸሪፋንም አዩ።

«ሁሉንም ነገሩኝ» አሉ። «እንደው ሞኝ ነሽ ልጄ። ወስደሽው ቢሆን ቢያንስ አንቺ ትነጂው ነበር። እኔ እንደሆነ ዓይኔም ደክሟል። አሁን ለማን ሆነ?»

ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጉ። ሸሪፋ ግን አልተቀየመችም።

«ለእርስዎ ብዬ እኮ አይደለም ፊታውራሪ» አለች።

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ድምፅ ሳያወጡ ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። ሳቁ ሲያደክማቸው ከዘራቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ደገፍ አሉ።

ሸሪፋ ለወይዘሮ አትጠገብ የመረጠችላቸውን ሻሽ እያጣጠፈች ቀና አለች።

«ከዘራዎን ያንሱልኝ፤ ቀለሟን ይጭረዋል።»

ፊታውራሪ እንየው ከዘራቸውን አነሡ።