ሞተሩን አጥፍቶ ሰላም የሚለው ባሽር

ባሽር ናፍጣ ሲባክን ከሚያይ ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል። ይህ ማጋነን አይደለም። ጥርሱን ያስነቀለ ቀን አፉን በመሐረብ ይዞ ወጣ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጎረቤቱ መኪናውን አስነስቶ ከወንድሙ ጋር ወግ ሲጀምር ካየ ግን ከጨርቅ ሱቁ ዘሎ ይወጣና፣ "ኧረ ስለ አላህ፣ ወይ ሂድ ወይ አጥፋ!" ብሎ ይጮኻል። ናፍጣው የጎረቤቱ ነው፤ ሕመሙ የባሽር።

የእሱ መኪና አሮጌ ባለናፍጣ ስቴሽን ዋገን ናት። ደባርቅ ውስጥ ከእሷ የሚያምር መኪና ሞልቷል፤ ከእሷ ያነሰ የሚጠጣ ግን የለም፤ ባሽር እንደሚለው ማለት ነው። የጣራዋን ፖርቶመጋላ "ነፋስ እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትተኛል" ብሎ ፈትቶ ጓሮ ጥሎታል፤ አሁን ዶሮ ያድርበታል። ዳባት ገበያ ከመውረዱ በፊት ጎማዎቹን በልካቸው ሳያስነፋ አይንቀሳቀስም። የአየር ማጣሪያውን አውልቆ አቧራውን ሲያራግፍ ያየው ሰው ጋቢ የሚያራግፍ ይመስለዋል። ነዳጅ መስጫውን የሚረግጠውም ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው ነው። ጫማ ያደረገ እግር ይባልጋል ባይ ነው።

ክብደት ሌላው ጠላቱ ነው። ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ትርፍ የተባለ ነገር ሁሉ ወጥቷል፤ ሚስቱ ረህማ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠቻት ምንጣፍ እንኳ አልተረፈችም። አንድ ቀን ረህማ መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል "ቁርስ በልተሻል?" ብሎ ጠየቃት።

"ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

ረህማ ሞኝ አይደለችም። ተመልሳ ቤት ገባችና አንድ ዳቦ በሻይ ጨምራ በልታ፣ አፏን እየጠረገች መጣች። 

አነዳዱ ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ነው። ከብቶች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ከሩቅ ካየ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ መኪናዋ በራሷ ጊዜ እየተንሸራተተች እስክትደርስ ከብቶቹ አልፈው ያልቃሉ። ፍሬን የለ፣ ጡሩምባ የለ። ሌላው ሾፌር ሊማሊሞን ማርሽ ዜሮ አድርጎ ሲንደረደር፣ ባሽር በሁለተኛ ማርሽ እግሩን አንስቶ ይወርዳል። "በማርሽ የወረደ ሞተር ጠብታ አይጠጣም። በዜሮ የወረደ ግን ናፍጣውንም ይጠጣል፣ ነፍስህንም ይጠጣል" ይላል። በዚህኛው የሚከራከረው ሰው የለም፤ ገደሉ ከሥር ይታያላ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበው ግን ቆሞ የሚሠራ ሞተር ነው። "ሥራ ፈትቶ የሚበላ አልቀልብም" ይልና፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ቁልፉን ያጠፋል። ሳያስበው ዝና ያተረፈለትም ይኸው ቁልፍ ነው።

በዚያ አገር ሽማግሌ መንገድ ላይ አግኝቶ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ሰላምታው ደግሞ በ"ታዲያስ" የሚያልቅ አይደለም። ሰው ይጠየቃል፣ ከብት ይጠየቃል፣ ሰብል ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ከዚያ እንደገና ሰው ይጠየቃል። ሾፌሮች ይህን ስለሚያውቁ ጡሩምባ ነፍተው፣ በመስኮት እጃቸውን አውለብልበው፣ ሽማግሌውን ጭስ አልብሰው ያልፋሉ። ባሽር ግን ይቆማል። ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ሽማግሌው ዓይኑን ማመን ያቅተዋል።

ድሮ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ካጋጠመው ከበቅሎው ወርዶ ነበር እጅ የሚነሳው። የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ እነ አያ ውዱ፣ ነገሩን በዚሁ ልክ ተረጎሙት። መኪና በቅሎ ከሆነ፣ ሞተር ማጥፋት መውረድ ነው። "የባሽርን ነገር ሰማችሁ? ወርዶ እኮ ነው ሰላም የሚለው!" ተባለ። ወሬው ጃናሞራ ድረስ ዘለቀ። ሠርግ ሲጠራ ከፍ ያለ ቦታ ይለቀቅለት ጀመር። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም "ባሽር ይግባበት" ይል ጀመር። ነጭ ሽንኩርት ለገበያ የሚያወርዱ ገበሬዎች ከሱቁ በር ላይ አንዳንድ ጉንጉን ጣል አድርገውለት ያልፋሉ። ስሙም "አክባሪው" ሆኖ ቀረ።

ባሽር እውነቱን መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ክብር ይጣፍጣል፤ ለዚያውም በነጻ የመጣ ክብር። አንዳንድ ጊዜ ግን ሳይጠሩት ድግስ የገባ ሰው የሚሰማው ነገር ይሰማውና አንገቱን ይሰብራል፤ ሰዎቹ ደግሞ "ትሕትናውን እዩልኝ!" እያሉ ይብስ ያከብሩታል። እውነቱን የምታውቀው ረህማ ብቻ ናት። ማታ ሱቅ ዘግቶ ሲገባ፣ "አክባሪው መጡ፤ ሞተርዎን አጥፍተዋል?" እያለች ትስቅበታለች።

አጥፋ አስነሳው ያለ ዋጋ አልቀረም። ባትሪውም፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም አለቁ። መካኒኩ ቻላቸው ኮፈኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ጋሼ ባሽር፣ ይቺን ከእንግዲህ ቁልቁለት ላይ ካልሆነ እንዳያጠፏት። ሜዳ ላይ ካጠፏት በግፊ ነው የምትነሳው" አለው። አዲስ ባትሪ ከጎንደር እስኪመጣ ድረስ ባሽር ሱቁ ፊት ለፊት ያለውን ቁልቁለት መኪና ማቆሚያ አደረገው።

በዚያው ሰሞን ናፍጣ ከአካባቢው ጠፋ። ማደያው በገመድ ታጥሮ ዘበኛው ብቻ ተቀመጠበት። አውቶቡሱም ሚኒባሱም ቆመ። ቆጣቢው ባሽር ግን ጥቂት ነበረችው። ከሊማሊሞ ሥር ቆላ ላይ ያለችው ዛሪማ ድረስ ታደርሳለች፤ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ለመመለሱ አላህ ያውቃል።

አንድ ጠዋት ከዛሪማ ስልክ ተደወለ። የደወለው ትልቋን ልጃቸውን ፈይዛን ያገባው ሪያድ ነው። "ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያ ገብተናል። እናቴን፣ እናቴን ትላለች።"

ረህማ ፈይዛን ስትወልድ የገዛ እናቷ አልደረሱላትም፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ያን ቀን የጮኸችው ለምጡ ብቻ አልነበረም። ፈይዛ ያረገዘች ዕለት፣ "እኔ እያለሁ ብቻሽን አትወልጂም" ብላ ቃል ገብታላታለች። አሁን አውቶቡስ የለም፤ ያለው የባሽር መኪና ብቻ ነው።

ባሽር መኪናዋን ከቁልቁለቱ ለቆ አስነሳት። ረህማ ገና በሩን ሳትዘጋ ጣቷን ቀሰረችበት። "ስማኝ። ዛሬ ማንንም አታሳፍርም። ማንንም ሰላም አትልም። ያን ቁልፍ ብትነካ ደግሞ እጅህን እቆርጠዋለሁ።"

"እሺ" አለ ባሽር። ከልቡ ነበር።

ከደባርቅ ወጡ። ወደ ሊማሊሞ አናት የምታደርሰው አጭር አቀበት ላይ አያ ውዱ መንገድ ዳር ቆመው ታዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እጃቸውን እንኳ አላነሱም። መኪናው እንደሚቆም የማይጠራጠር ሰው አቋቋም ነበር።

"እለፍ" አለች ረህማ።

"እሺ" አለ ባሽር፤ እግሩ ግን ፍሬኑን ያዘ። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀውለት እንዴት ይለፍ? በመስኮት አንድ ቃል ብሎ ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። እጁ ሐሳቡን አልጠየቀውም፤ የለመደውን አደረገ። ቁልፉ ዞረ፣ ሞተሩም ፀጥ አለ።

"ወየው ጉዴ!" ረህማ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

"እንደምን አደርክ ባሽር!" አሉ አያ ውዱ ወደ መስኮቱ እየቀረቡ። "ደኅና ነህ ወይ? ቤቱ ደኅና? ገበያው ደኅና? ረህማ፣ ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?"

"አልሀምዱሊላህ፣ አያ ውዱ፤ እኔ እንኳ..." ባሽር ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። እንደገና አዞረ። ማቃሰቱም ቀረ።

"ከብቱ ደኅና? ልጆቹስ?"

"አያ ውዱ፣ ፈይዛ ምጥ ላይ ናት! ዛሪማ!"

አያ ውዱ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፉት። "ታዲያ ቆመህ ምን ታወራለህ!" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ዘወር ብለው አህያ ጭነው ገበያ ወደሚሄዱ ሰዎች ጮኹ። "ያርጋል! ኧረ እናንተ! አህያውን ተዉና ኑ! የአክባሪው መኪና ቆማለች!"

ሰው ተረባረበ። እምቢ ያለ አልነበረም። ያርጋል የሚባለው ጎልማሳ ትከሻውን ሰጠ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው ገፉ፤ ረህማም ወርዳ ከእነሱ ጋር ገፋች። አያ ውዱ በትራቸውን ኋለኛው መስታወት ላይ አስደግፈው "ሆ! አንድ ጊዜ ሆ!" ይላሉ፤ መግፋታቸው ይሁን መደገፋቸው አይታወቅም። "ለእሱ ያልገፋን ለማን ልንገፋ!" ሲሉ ባሽር መሪውን ይዞ ይሰማል። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። ልጁ ምጥ ላይ ናት፣ ሚስቱ መኪና ትገፋለች፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ላባቸውን የሚያፈሱት እሱ ላልነበረው አክብሮት ነው።

አናቱ ላይ ሲደርሱ በእጅ ፍሬን ያዛት። ረህማ ከኋላ ገባች። አያ ውዱ ማንንም ሳይጠይቁ የፊቱን በር ከፍተው ተቀመጡ። "ዛሪማ እህት አለችኝ" አሉ፤ ክርክሩ በዚሁ አለቀ። ባሽር ፍሬኑን ለቀቀ፤ መኪናዋ ተንደረደረች፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ከኋላቸው እልልታው ቀለጠ።

ጥቂት ጠመዝማዛ ከወረዱ በኋላ ባሽር አላስችል አለው።

"አያ ውዱ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ሞተሩን የማጠፋው ለእናንተ ክብር ብዬ አይደለም። ለናፍጣው ነው። ከመጀመሪያውም ለናፍጣው ነበር።"

ረህማ ከኋላ ትንፋሿን ዋጠች። አያ ውዱ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቁ ነበር።

"ይህን ያላወቀ ማን አለ ብለህ ነው? በመጀመሪያው ሰሞን እውነትም ተታለን ነበር። ኋላ ስናይህ፣ አስቀድመህ የናፍጣውን መርፌ ታያለህ፣ ከዚያ እኛን ታያለህ። እኛስ ሰላምታውን የምናስረዝመው ለምን ይመስልሃል? ከብቱ ደኅና፣ ጥጃው ደኅና ስንልህ ይጨንቅህና 'በሉ ግቡ' ትላለህ። ስንቴ ዳባት የወረድነው በዚህ አይደል!"

ረህማ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

"ታዲያ እያወቃችሁ ለምን አከበራችሁኝ?" አለ ባሽር።

አያ ውዱ ሳቃቸውን ተዉ።

"ጆሮዬ ደክሟል፣ ባሽር። ሌላው ሾፌር ሞተሩን እያስጓራ ሰላም ሲለኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም። እሱም የእኔን አይሰማም፤ ገና አፌን ስከፍት ሄዷል። ቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጆቹ ይቸኩላሉ። የጀመርኩትን ቃል የሚያስጨርሰኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። አንተ ታስጨርሰኛለህ። ለናፍጣ ይሁን ለምን፣ እኔ ምን ቸገረኝ?"

የባሽር ዓይን እንባ ስለሞላ መንገዱ እንዳይጠፋበት በመዳፉ ጠረገው።

ዛሪማ ሲገቡ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ረህማ ጤና ጣቢያው በር ላይ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ወርዳ ሮጠች። የፈይዛ ጩኸት ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። "እማ!" የሚለው ጩኸት "እማዬ!" ወደሚል ለቅሶ ሲለወጥ፣ ረህማ አጠገቧ መድረሷን ባሽር ከውጭ ሆኖ አወቀ።

ወንዶቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሪያድ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ባሽር ፈርቷል፤ መፍራቱንም አልደበቀም። አያ ውዱ እህታቸው ዘንድ አልሄዱም። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጎኑ ቆዩ። የልጅ ልቅሶ ሲሰማ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

ረህማ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ሻርፗ የት እንደቀረ አይታወቅም። "ደረስኩላት" አለች ለባሽር፤ ከዚያ አልቻለችም፣ አለቀሰች። "ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ደረስኩላት እኮ!"

ሪያድ ገብቶ በልጁ ጆሮ አዛን አደረገ። ቀጥሎ ባሽር ተጠራ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን የልጅ ልጁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ፊቷ ቀይ ነው፤ ግንባሯን ቋጥራ ታየዋለች።

"እንደምን ዋልሽ?" አላት ባሽር ዝግ ብሎ። "ደኅና ገባሽ ወይ? መንገዱ አልከበደሽም? እናትሽ ደኅና ናት? አባትሽስ ደኅና ነው?"

ሕፃኗ አፏን ከፍታ ረዥም፣ ቅር ያላትን ሁሉ የያዘ የሚመስል ድምፅ አሰማች። አዋላጇ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ባሽር ራሱን ነቀነቀና እስክትጨርስ ጠበቃት።