ለአክስቴ ያስረዳኋት ሕግ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ምን ብዬ እንደምጠራው ስለማላውቅ ይሆን? ውሸት ነው እንዳልል፣ ከተናገርኩት ግማሹ እውነት ነበር። እውነት ነው እንዳልል፣ አንዲት ሴት መሬቷን አጥታበታለች።

የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት የሕገ መንግሥት ፈተና ተፈተንኩና ቅዳሜ ከጎንደር ተነስቼ ዳባት አካባቢ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ሄድኩ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ ጥሩነሽ፣ ትዳሯ ፈርሶ እኛ ቤት ተቀምጣለች። ከሟቹ አያቴ መሬት ድርሻዬን ስጡኝ ብላ ሽማግሌ አስጠርታ ኖሯል። መሬቱን የሚያርሰው አባቴ ነው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀመጡ ነው።

አክስቴ ስታየኝ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እጄን ይዛ አባቴ ፊት አስቀመጠችኝ።

«ሕገ መንግሥቱ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ መሬት ትወርሳለች ይላል አሉ። እውነት ነው፣ ልጄ? አንቺ ያልሽውን ነው የምይዘው። የተማረ ይግደለኝ።»

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። እንዲህ በይልኝም አላለኝም። ይህን የምናገረው እሱን ነጻ ለማውጣት ነው? ወይስ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ እንዲሆን ፈልጌ? አላውቅም። ብቻ እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ይላል» አልኳት። «እሱ ግን የፌዴራሉ ነው። መሬት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ክልሉ የራሱ ሕግ አለው፤ የላይኛው እዚህ ድረስ አይወርድም።»

ክልሉ መሬት ያስተዳድራል፤ ይህ እውነት ነው። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ ግን ዋጋ የለውም፤ የክልሉም ሕግ ቢሆን ሴትን አይከለክልም ነበር። ይህን ዋጥኩት።

አክስቴ አሰብ አደረገች። «እንግዲህ ሁለት መንግሥት ካለ የቅርቡ ይበልጣላ። ሸጋ፣ ገባኝ» አለች። እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ድርሻዋን ለወንድሟ ተወችና የስምምነቱ ወረቀት ላይ ጣቷን አሳረፈች። በሳምንቱ ዕቃዋን ቋጥራ አዘዞ ወረደች፤ እስከ ዛሬ በኪራይ ቤት የሰው ልብስ እያጠበች ትኖራለች።

እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃኋት። ለምን? ለዓመታት «ያኔ ገና አልገባኝም ነበር» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የትኛው ሥልጣን የማን እንደሆነ ስንቱን ተማሪ ያምታታል፤ እኔንም አምታቶኝ ይሆናል። ይህን ልመን ብል ማን ይከለክለኛል? የፈተናው ወረቀት ይከለክለኛል። ሐሙስ ዕለት የተጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ለአክስቴ የሚገባትን መልስ አንቀጹን ሳልስት ለመምህሬ ጽፌለታለሁ። ሙሉ ማርክ ሰጠኝ። ታዲያ ሐሙስ የማውቀው ነገር ቅዳሜ የት ሄደ? ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ የአባቴን እንጀራ ስለበላሁ ነው? ወይስ በማታውቅ ሴት ፊት አዋቂ መሆን ጣፍጦኝ? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

በዚያው ቢያበቃ እንኳ ጥሩ ነበር። ዛሬ ጎንደር አራዳ ላይ ቢሮ ያለኝ ጠበቃ ነኝ። ባለፈው ወር አክስቴ አንዲት ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ሴትዮዋን ወንድሞቿ ከአባቷ መሬት ድርሻዋን ከልክለዋታል። «የኔ ልጅ እውነቱን ትነግርሻለች። ለእኔም የነገረችኝ እሷ ናት» ትላታለች አክስቴ። ለሴትዮዋ መብቷ እንደሆነ ነገርኳት፤ ማመልከቻዋንም ጻፍኩላት። ሊወጡ ሲሉ አክስቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ሕጉ ተለወጠ እንዴ?»

«አዎ፣ ተለወጠ» አልኳት።

«እሰይ። ለእሷስ ደረሰላት» ብላ ወጣች።

ሕጉ አልተለወጠም። ያኔም ያው ነበር፣ አሁንም ያው ነው። የፊተኛውን በልጅነቴ ላሳብብ፤ የኋለኛውንስ በምን? አባቴ ሞቷል። መሬቱን ወንድሜ ነው የሚያርሰው። እውነቱን ብናገር ማን ምን ያደርገኝ ነበር? ግራ ገብቶኛል፤ ግራ መጋባቴ ራሱ መሸሸጊያ እንዳይሆነኝም እፈራለሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ካንተ የወሰድኩት መሬት የለም፤ ላንተ መናገር የቀለለኝም ለዚህ ይመስለኛል። ይቅርታ ልጠይቃት የሚገባኝ ሴት አዘዞ ናት፤ ከአራዳ በታክሲ ቢሄዱ ሩቅ አይደለም። እሷ ማንበብ አትችልም። ይህንንም የጻፍኩት እንደማታነበው እያወቅሁ ነው።